የብርቅዬው ዛፍ አድራሻ ይጻፍ ወይስ ይደበቅ?

በበይነመረብ መድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለሥራ ኮሎምቦ ሄጄ ነበር። ሥራው ሲያልቅ አራት ቀን ተረፈኝና በስሪላንካ ደቡብ ምዕራብ ያሉትን እርጥብ ጫካዎች ዞርኩባቸው። ከዚያ ይዤ የተመለስኩት ጥያቄ አላስቀምጥ ስላለኝ መድረኩ ላይ አቀረብኩት። ብርቅዬ ዛፍ ወይም ወፍ ያየ ሰው ቦታውን ለሁሉም ይጻፍ ወይስ ይደብቅ? ክሩ ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ማንበብ ከበደን ስላሉኝ በተራ ቁጥሩ እተርክላቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መነሻ ጽሑፌ ላይ አቋሜን አልደበቅኩም። ይጻፍ ባይ ነኝ። ምክንያቴ አንድ ዛፍ ነው። ክሩዲያ ዘይላኒካ ይባላል፤ ከባቄላና ከግራር ወገን ነው። ስሪላንካ በ2012 ባወጣችው ቀይ መዝገብ፣ ማለትም የጠፉና ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች ዝርዝር ላይ፣ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በ2019 ግን ጋምፓሃ ወረዳ ውስጥ ዳራሉዋ በምትባል ቦታ አንዱ ቆሞ ተገኘ። ቁመቱ ስምንት ሜትር ገደማ ነው፤ ግዙፍ የሚባል አይደለም። በ2021 መጀመሪያ ላይ አዲስ ፈጣን መንገድ በሚያልፍበት መስመር ላይ ስለነበር ሊቆረጥ ሆነ። የሰፈሩ ሰው ጮኸ። የቡድሃ መነኮሳት ሳይቀሩ ከዛፉ ጎን ቆሙ። ወሬው ከአገር አልፎ ዓለም ሰማውና መቁረጡ ቆመ። ቦታው ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ዛፉ አንድ ቀን ጠዋት በመጋዝ ተቆርጦ፣ ማንም ሳያውቅ ማገዶ ይሆን ነበር አልኩ።

ምላሽ 1። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ እጅህ ይባረክ ብላ ጀመረች። ሙሉ በሙሉ ከእኔ ጋር ናት። ቀጥላ አንዲት ትንሽ ደሴት ይህን ሁሉ ብርቅዬ ከየት አመጣችው ብላ ጠየቀች። ስሪላንካ የኢትዮጵያን አንድ አሥራ ሰባተኛ ብታክል ነው። ሆኖም አበባ ከሚያበቅሉት ከ3 ሺህ በላይ የዕፅዋት ዝርያዎቿ ውስጥ ሩቡ ገደማ ሌላ አገር የሉም። እዚያ ብቻ የሚኖሩ ወፎችም ከ30 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ የሚገኙት ዝናብ በማይለየው ደቡብ ምዕራብ ነው። ሰውም፣ ሻይም፣ ጎማ ዛፍም የሞላው ደግሞ እዚያው ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው ብዬ መለስኩላት።

ምላሽ 2። ከጅማ የሚጽፍ የደን ባለሙያ አረመኝ። በትህትና ነው ያረመኝ፤ እርማቱ ግን ትልቅ ነበር። ዛፉን ያዳነው ጩኸት ብቻ አይደለም ይላል። ከጩኸቱ በፊት ስሙ ነው ያዳነው። አንድ ሰው ይህ ክሩዲያ ነው ማለት የቻለው ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን መዝግበው ስላቆዩ ነው። ፔራዴኒያ ያለው የዕፅዋት መናፈሻ ከ1821 ጀምሮ አለ። እዚያ ባለው ሄርባሪየም ውስጥ ደርቀው ወረቀት ላይ የተለጠፉ ቅርንጫፎች በየሣጥኑ ተቀምጠዋል።

ይኸው ሰው አንድ የሄርባሪየም ወረቀት ምን እንደሚመስል አስረዳን። ይህን ቦታ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ቅርንጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ደርቋል። አንዱ ቅጠል ፊቱን፣ አንዱ ጀርባውን እንዲያሳይ ሆን ተብሎ ተገልብጧል። የረገፈ ፍሬ ካለ በትንሽ የወረቀት ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ታች ጥግ ላይ ቁራጭ ወረቀት አለ። ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰበሰበው ሰው ስም ይጻፍበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አበባው ትኩስ ሳለ ምን ቀለም እንደነበረው ይጻፋል፤ ሲደርቅ ሁሉም ቡናማ ይሆናላ። ያን አንድ መስመር የረሳ ሰብሳቢ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ሰው በሩን ዘግቶበት ሄደ ማለት ነው።

ምላሽ 3። ከዚህ በኋላ ድምፁ ተቀየረ። ይህኛው ጸሐፊ ሰላምታም አልሰጠ። የእኔን ሐሳብ የዋህነት ብሎታል። ዋላ ፓታ ስለሚባለው ዛፍ ሰምቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልሰማሁም ነበር። ዋላ ፓታ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ጋይሪኖፕስ ዋላ፣ በዚያው እርጥብ ደን፣ በጎማ እርሻው ዳርና በሰው ጓሮ ሳይቀር ይበቅላል። ድሮ ልጡ ለገመድ ከመሆን ያለፈ ዋጋ አልነበረውም። ከ2012 ገደማ ወዲህ ግን ግንዱ ሲቆስል የሚያመነጨው ጥቁር ሙጫ ውድ ሽቶና ዕጣን ከሚሠራበት ከዑድ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ተወራ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው? ሌሊት በመጥረቢያ እየተቆረጠ፣ በሻንጣ እየታጨቀ በኮሎምቦ አየር ማረፊያ ሲወጣ ስንቱ ተያዘ። ሙጫ ያለውን ከሌለው ለመለየት ስለማይመቻቸው ያገኙትን ሁሉ ይቆርጣሉ። ታዲያ የዚህን ዛፍ አድራሻ በይነመረብ ላይ መጻፍ ለሌባ ካርታ መስጠት አይደለም ወይ ብሎ ጥያቄዬን መለሰልኝ።

ንግግሩ ቢያምም እውነቱን ነው። ወዲያው መልስ አልሰጠሁም።

ምላሽ 4። ዱባይ የምትኖር እህታችን ገባች። ምላሽ 3ን ካነበበች በኋላ ቤቷ ያለውን የዑድ ብልቃጥ አውጥታ አየችው። ለበዓል ከቡና ጋር የምታጨሰው ነው። ከየት አገር ዛፍ እንደመጣ አይጻፍበትም። ሻጩንም ጠይቃ አታውቅም።

ቀጥላ የጻፈችው ከርዕሱ ወጣ ያለ ነው፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ ተቀጥራ በሠራችበት ቤት አንዲት የስሪላንካ ሴት አብራት ትሠራ ነበር። ሁለቱም አረብኛውን ገና እየለመዱ ነው። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ከግቢው ዛፍ ላይ አንድ ወፍ ድምፁን እያነሳ፣ እያነሳ ይጮሃል። ሴትየዋ ልብስ እያሰጣች ነበር። እጇ ላይ እርጥብ አንሶላ እንደያዘች ቆመች። ኮሃ፣ ኮሃ አለች፤ እንባዋ መጣ። ኮሃ በእነሱ አገር በሚያዝያ አዲስ ዓመታቸው ሲቃረብ የሚጮኸው ወፍ ነው። ወንዱ ጥቁር ነው፤ ዓይኑ ቀይ። ባሕረ ሰላጤው አገር ላይም ይታያል። እህታችን በበኩሏ ስለ መስቀል ወፍና ስለ አደይ አበባ በእጅ ምልክት ልታስረዳት ሞከረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ሆኑ።

ምላሽ 5። ይህኛው እኔን ያዘኝ። መነሻ ጽሑፌ ላይ ኪቱልጋላ የሚባል ጫካ አድሬ የሰረንዲብ ጉጉት የምትባለውን የስሪላንካ ወፍ ሰማሁ ብዬ ነበር። በምን አወቅህ አለ። ድምፁን ቀድተሃል? ሰዓቱን ጽፈሃል? አስጎብኚው ስለነገረህ ብቻ ነው ወይ? የደሴቲቱ ጫካ በሌሊት በስንት ዓይነት እንቁራሪትና ፌንጣ እንደሚሞላ ያውቃል፤ እዚያ ሠርቷል። ያልተረጋገጠ ነገር እየጻፉ ስለ ምዝገባ ማስተማር ያሳፍራል ብሎ ደመደመ።

ምላሽ 6 የእኔ ነው። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና ያለውን እንዳለ ገለበጥኩት። ጉጉት፣ ኪቱልጋላ፣ 1:40 ይላል። ሌላ ምንም የለም። ያን ማታ ግን አስታውሰዋለሁ። የኬላኒ ወንዝ ድምፅ ከኋላችን ነበር። አልቅቶቹ ካልሲዬ ላይ ወጥተው ቁርጭምጭሚቴን ይዘውታል። አስጎብኚው ባትሪውን አጠፋና ትከሻዬን ያዘ። ከዚያ አጭር፣ ለስላሳ፣ ትንሽ የምትንቀጠቀጥ ድምፅ መጣች። ከዚያ ዝም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታ ደግማ መጣች። ከመሬት ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ አልነበረም፤ ከታች፣ ከፈርኑ መሃል ነው። ወፏን አላየኋትም። ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ አለመጻፌን አመንኩ።

ምላሽ 7። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ በመድረኩ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ምላሽ 5ን አነጋገሩ ላይ ገሰጹት፤ በነጥቡ ግን ተስማሙ። መጀመሪያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። 1:40 ያልከው በሐበሻ ሰዓት ነው ወይስ በእነሱ? ይህች ጉጉት በብዛት የምትጮኸው ከመሸ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥና ሊነጋጋ ሲል ነው። በሐበሻ ከሆነ ልክ የእሷ ሰዓት ነው። በእነሱ ከሆነ እኩለ ሌሊት አልፎ ነውና ያጠራጥራል። ስልኬን ከፍቼ የዚያን ማታ ፎቶዎች አየሁ። በሐበሻ ነበር። ደብተሩ ላይ ግን ያን የሚነግር ነገር አልነበረም። እኔ ብሞትና ደብተሩን ሌላ ሰው ቢያገኘው ምን ያደርገዋል?

ከዚያ ጋሼ የጉጉቷን ታሪክ ነገሩን። የስሪላንካው የወፍ ባለሙያ ዲፓል ዋራካጎዳ በ1995 ኪቱልጋላ ጫካ ውስጥ የማያውቀው ድምፅ ይሰማል። የደሴቲቱን ወፎች ድምፅ አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህኛው ከየትኛውም ጋር አልገጥም አለው። ወፏን ያላየ ሰው ምን ብሎ ይጻፍ? ድምፁን ያዘና ጠበቀ። በዓይኑ ያያት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 23 ቀን 2001፣ ሲንሃራጃ ደን ውስጥ ነው። ቁመቷ 17 ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው። ቀይ ቡኒ ላባ አላት፤ እንደ ዘመዶቿ ጆሮ የሚመስል የላባ ጉትዬ የላትም። ቀን ቀን ከመሬት ብዙም ሳትርቅ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ትተኛለች። በ2004 ከአሜሪካዊቷ ፓሜላ ራስሙሰን ጋር ሆነው ለሳይንስ አስተዋወቋት። ስሪላንካ ላይ አዲስ የወፍ ዝርያ ሲገኝ ከ1868 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ስሟን ለቲሎ ሆፍማን ሰጡት፤ ሲንሃራጃ በ1970ዎቹ ለኮምፔንሳቶ ሲቆረጥ ደኑ እንዲተርፍ የታገለ ስዊዘርላንዳዊ ነው። ደኑ በ1988 ዩኔስኮ የመዘገበው የዓለም ቅርስ ሆኗል። ስድስት ዓመት አንዲት ድምፅ ይዞ መጠበቅ ማለት ይህ ነው። ጋሼ እዚህ ላይ አቆሙ።

ምላሽ 8። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንባቢ የራስሙሰንን ስም ሲያይ ወደ ሕንድ ወሰደን። መንገድ ሳተ ያሉት ነበሩ። እኔ አልሳተም እላለሁ፤ ጉዳዩ የሐሰት መዝገብ ነውና። የሕንድ የጫካ ጉጉት የሚባል ወፍ አለ። በ1873 ነው ለሳይንስ የታወቀው። ከ1884 በኋላ የተገኘበት አንድ ማስረጃ ብቻ ነበር። ሪቻርድ ማይነርትዝሃገን የተባለ የእንግሊዝ ኮሎኔል በ1914 ጉጃራት ውስጥ ያዝኩት ያለው ናሙና ነው። ራስሙሰን ናሙናውን ስትመረምር ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከእንግሊዝ ሙዚየም የተሰረቀ የድሮ ወፍ ነው። ቆዳው እንደገና ተሞልቶ፣ አዲስ ወረቀት ታስሮበታል። ወፉን የሚፈልጉ ሰዎች ያን ውሸት አምነው ያልነበረበት ቦታ ሲኳትኑ ኖረዋል። እሷና ጓደኞቿ ሐሰቱን ትተው እውነተኞቹን የድሮ መዝገቦች ተከተሉ። ኅዳር 1997 ማሃራሽትራ ውስጥ ሻሃዳ አጠገብ ጉጉቱን ቁጭ ብሎ አገኙት። ለ113 ዓመት ጠፋ የተባለ ወፍ! ይህን ሳነብ ምላሽ 5 ላይ የነበረኝ ቅሬታ ሁሉ ለቀቀኝ። ሰውየው ልክ ነበር።

ምላሽ 9። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወፍን ለመመዝገብ የግድ መግደል ያስፈልጋል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ምሳሌም ሰጠች። እዚያው አገር ሕንድ ውስጥ፣ አሩናቻል ፕራዴሽ፣ ራማና አትሬያ የተባለ የሥነ ፈለክ ሰው በ2006 አንድ አዲስ ወፍ አስተዋውቋል። የታወቁት ወፎች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ አንዱንም አልገደለም። ይዞ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ለካና ለቀቀው። የቀሩትን ጥቂት ላባዎች፣ ፎቶውንና ድምፁን ይዞ ጻፈ። ስሙንም በአካባቢው ለሚኖሩት ለቡጉን ሕዝብ ሰጠው።

ምላሽ 10። ይህኛው ተቆጣ። ሙዚየም የሠራ ሰው ይመስለኛል። ስሜት ሳይንስ አይሆንም አለ። ላባና ፎቶ ለነገው ተመራማሪ አይበቃም፤ ሙሉ ናሙና ባይኖር የምላሽ 8 ሌባ እስከ ዛሬ አይያዝም ነበር። ሙዚየሙ ውስጥ ያለው ቆዳ፣ የስፌቱ ክር፣ የጥጡ ዓይነት ነው ያጋለጠው። ተማሪዋን ግን ልጅ ነሽ ብሎ ዝቅ አድርጎ ተናገራት። የመድረኩ አስተዳዳሪ ገብቶ ያችን ቃል አስወጣት።

ምላሽ 11። ከአርባ ምንጭ አንድ ሰው ነገሩን አበረደው። ሁለታችሁም ነጭ ሳርን አስታውሱ አለ። በ1990 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ነጭ ሳር ሜዳ ላይ መኪና የገጨው አንድ ናይትጃር የሚባል ወፍ ያገኛሉ፤ ሌሊት እየበረረ በአየር ላይ ነፍሳት እየቀለበ የሚኖር ዓይነት ነው። ለማስረጃ የሆነ አንድ ክንፍ ብቻ ይዘው ሄዱ። በ1995 በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተጻፈ። ሳይንሳዊ ስሙ ላይ ያለው ሶላላ የሚለው ቃልም በላቲን አንድ ክንፍ ብቻ ከማለት የተወሰደ ነው። የሞተ ወፍ ስላገኙ አልገደሉም፤ ክንፉን ስላልጣሉት ደግሞ ዛሬ እናውቀዋለን። የምላሽ 10 ጸሐፊ መልስ አልሰጠም፤ ተማሪዋ ግን አመሰገነች።

ምላሽ 12። እዚህ ላይ ክሩ ሌላ ቁስል ነካ። ላሊበላ አካባቢ በአስጎብኚነት የሚሠራ ወንድማችን ነው የጻፈው። እስከ አሁን የጠራችሁት ስም ሁሉ የተማረ ሰው ስም ነው አለ። መንገዱን ያሳየው ገበሬ የት አለ? ቃሉ ከረር ያለ ነው፤ ማስረጃው ግን ጥሩ ነው። ጀርደን ኮርሰር የሚባል ቀጭን እግር ያለው የሕንድ ወፍ አለ። ከ1900 ገደማ ጀምሮ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በ1986 አንድራ ፕራዴሽ ላይ ዳግም የተገኘው አይታና በተባለ የአካባቢው ወፍ አጥማጅ እጅ ነው። ምሁራኑ ሥዕሉን ይዘው ሲዞሩ እሱ ወፉን ያውቀዋል፤ ሌሊት ሄዶ ይዞት መጣ።

እኔም ከስሪላንካ አንድ ጨመርኩለት። ሃርማኒስ ደ አልዊስ ከ1823 ጀምሮ ለ38 ዓመት ያህል ለፔራዴኒያ መናፈሻ ዕፅዋት ሲስል የኖረ የአገሬው ሰው ነው። ልጆቹም ያንኑ ሥራ ይዘው ቀጠሉ። በደረቀው ናሙና ላይ የማይታየውን የአበባ ቀለም ዛሬ የምናውቀው በእነሱ ብሩሽ ነው። የእኔን አስጎብኚ ስምም መነሻ ጽሑፌ ላይ አልጠቀስኩም ነበር። ስሙ እንዲጻፍ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅማ። ያን ቀን መልእክት ላክሁለት።

ምላሽ 13። የደብረ ብርሃኑ የእንስሳት ሐኪም ሁላችንንም አረመ። ብርቅዬ፣ ብርቅዬ ትላላችሁ፤ ብርቅ ያልሆነውን ማን ይጽፋል አለ። የሕንድ ነጭ ጀርባ ጥምብ አንሳ በ1980ዎቹ ቆጥረው የማይጨርሱት ወፍ ነበር። ማን ይቆጥረዋል? ቪቡ ፕራካሽ የተባለ ተመራማሪ ግን ባራትፑር አጠገብ ባለው ኬኦላዴኦ ፓርክ ቆጥሮ ጽፎ ነበር። በ1990ዎቹ ተመልሶ ሲቆጥር ጎጆዎቹ ባዶ ናቸው፤ ወፎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይሞታሉ። ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ከ1 ሺህ ጥምብ አንሳ አንዱ ብቻ ተረፈ። ምክንያቱ በ2004 ታወቀ። እኛም ለወገብ ሕመም የምንውጠው ዳይክሎፌናክ ነው። ለታመመ ከብት ይሰጣል፤ ከብቱ በሕመሙ ይሞታል፤ ጥምብ አንሳው ሥጋውን ሲበላ ኩላሊቱ ይጠፋል። ሕንድ፣ ኔፓልና ፓኪስታን በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። በምትኩ መሎክሲካም ይሰጣል። የመጀመሪያው ቆጠራ ባይኖር ኖሮ ወፎቹ ስንት እንደነበሩ በምን ይታወቅ ነበር? ሐኪሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቄራው ጀርባ የሚያርፉትን አሞራዎች እየቆጠረ ነው።

ምላሽ 14 እና 15 ስለ ካሜራ ዋጋና ስለ ስሪላንካ ቪዛ ናቸው። ለብቻቸው ክር እንዲከፍቱ ነገርኳቸው።

ምላሽ 16። ስልክ የሚጠግን ወጣት ሁላችንም ያላሰብነውን አመጣ። ቦታውን አልጻፍኩም ብላችሁ አትመኑ አለ። ስልኩ ላይ የቦታ አገልግሎት ክፍት ከሆነ ፎቶው ራሱ አድራሻውን ይዞ ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ በፋይል መልክ የተላከ ፎቶን ከፍቶ የቆማችሁበትን ዛፍ ማግኘት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅ በሚመዘግቡበት በአይናቹራሊስት ላይ ያስገባችሁት ዝርያ ለአደጋ የተጋለጠ ከሆነ ግን መተግበሪያው ቦታውን ራሱ ያደበዝዘዋል፤ ሰው የሚያየው ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሣጥን ነው። ትክክለኛው ቦታ አይጠፋም፤ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። የወፍ መመዝገቢያው ኢበርድም በቀላሉ ለሚጠቁ ወፎች ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለው። እኔ የኪቱልጋላውን ፎቶ ሳላጸዳ ስንት ሰው ጋ ልኬው ነበር።

ምላሽ 17። የጅማው የደን ባለሙያ ተመለሰ። የእኔን ዛፍና የምላሽ 3ን ዛፍ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ክሩዲያን የሚሰርቀው ሰው የለም፤ ጠላቱ አለማወቅ ነው። ዋላ ፓታን የሚያጠፋው ግን የሚያውቀው ሰው ነው። በግንቦት፣ በቡድሃ እምነት በዓል በቬሳክ ሰሞን የምታብበው የቬሳክ ኦርኪድም እንደዚሁ ናት፤ ውበቷን የወደደ ሁሉ ነቅሎ ይወስዳታል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህን ነገር የሚፈልገው ማነው የሚለው ነው። ፈላጊ ካለው ቦታው ለጠባቂው ብቻ ይነገር፤ ከሌለው አደባባይ ይውጣ። እኔን ያሳመነኝ ይህ ምላሽ ነው። ይጻፍ ወይስ ይደበቅ ብዬ ለሁሉም አንድ መልስ መፈለጌ ነበር ስህተቱ።

ምላሽ 18። የምላሽ 3 ጸሐፊ ግን አልተዋጠለትም። ይህ ጊዜ ለስለስ ብሎ ነው የጻፈው። ጠባቂው ማነው አለ። በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ካርታ መንገድ ሠሪው ጥናት ሲያስጠና ካልወጣ፣ ቦታው ላይ ምንም የለም ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ዶዘር ይገባል። መደበቅ የሚጠቅመው፣ የደበቀው ሰው ሰዓቱ ሲደርስ የሚናገር ከሆነ ብቻ ነው። ደግሞ የሰፈሩ ሰው ማወቅ አለበት፤ ዳራሉዋ ላይ የጮኸው እሱ ነውና። እኔም ጋሼም በዚህ ተስማማን። የደን ባለሙያው ዝርዝሩ ላይ ገና ይከራከራል።

በዚህ መሃል አስጎብኚዬ መልስ ላከልኝ። ስሙ እንዳይጻፍ ፈለገ፤ ሰው እየደወለ ጉጉቷ ወዳለችበት አድርሰኝ እንዳይለው ነው። ድምፅ በስልክ እያጫወቱ ወፏን ለመጥራት የሚሞክሩ ቱሪስቶች አስቸግረውታል። ወፏ ሌላ ጉጉት ድንበሯን የደፈረ መስሏት አደኗን ትታ ስትመላለስ ታድራለች። የእሱን ደብተር ገጽ ግን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ቀኑ አለ። ሰዓቱ በእነሱ 19:40 ይላል። ዝናብ ከቆመ አንድ ሰዓት ሆኖታል፣ ነፋስ የለም፣ ሁለት ጊዜ ሰማን፣ አላየንም። ከሥሩ እንግዶች ብሎ የእኔን ስም ጽፏል። ወንዙን የሚያመለክት ትንሽ መስመርም አለችበት።

ምላሽ 19። የዱባይዋ እህታችን እንደገና ጻፈች። ያቺ የስሪላንካ ጓደኛዋ አገሯ ከገባች ቆይታለች። ኮሃው ግን ዘንድሮም መጥቷል፤ ከምትኖርበት ሕንፃ ጀርባ ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ ነው። ክሩን ካነበበች በኋላ ሦስት ቀን ተነስታ ጠበቀችው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ጊዜ እንደጮኸ ጻፈች። ድምፁንም በስልኳ ቀዳችና ለጓደኛዋ ላከችላት። ሰዓቱ 11:30 ነው ብላለች። መዝገቡን የት እንደምታስገባው ጠየቀችን።

ምላሽ 20 የጋሼ ነው። ኢበርድ ላይ እንዴት እንደሚገባ ደረጃ በደረጃ ጻፉላት። ከሥሩ አንድ ጥያቄ አስከተሉ። 11:30 ያልሽው በሐበሻ ነው አይደል፣ ልጄ?

በሐበሻ ነው አለች። አስተካክላ አስገባችው።